ሎረንስ ኢስት፦ ከፀጉር ቤቱ እስከ ፋርማሲው

የስካርቦሮን መልክ በአንድ መንገድ ላይ ማየት የፈለገ ሰው 54 ቁጥር አውቶቡስ ይሳፈር። ከቪክቶሪያ ፓርክ ተነስቶ ሎረንስ ኢስትን ይዞ እስከ ማክካወን ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኙ ፎቅ የሌለው የሱቅ መደዳ ነው፤ ከፊቱ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ። ዌክስፎርድ አካባቢ የዐረብ ዳቦ ቤቶች ይበዛሉ፤ ጠዋት በዚያ ሲያልፉ የዛታር ሽታ መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል። ወደ ምሥራቅ ስትሉ የአፍጋን ከባብ፣ የታሚል ጣፋጭ፣ የፊሊፒኖ ግሮሰሪ፣ የጃማይካ ፓቲ ይከተላሉ። ቋንቋው በየፌርማታው ይለወጣል። በየመደዳው የማይጠፉ ሁለት ነገሮች ግን አሉ፤ ፀጉር ቤትና ፋርማሲ። ከቪክቶሪያ ፓርክ ቀጥሎ ሎረንስን የሚያቋርጠው ትልቅ ጎዳና ራሱ ስሙ ፋርማሲ ነው። አዲስ የመጣ ሰሞን «ፋርማሲና ሎረንስ ጋ እንገናኝ» ተብሎ መድኃኒት ቤት በር ላይ ሲጠብቅ የዋለ ደንበኛ አለኝ፤ እስከ ዛሬ እንስቅበታለን።

እኔ ምግብ ቤት ነው ያለኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ምግብ ቤት ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም። ከዓመታት ወዲህ ከኢሚግሬሽንና ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ስለ ፀጉራቸው ነው። ሐምሌ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ኮፍያውን ሳያወልቅ ክትፎ የሚበላ ሰው ስታዩ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው። ክረምቱማ ለመላጣ ምቹ ነው፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሁሉም ኮፍያ አድርጎ ማንም ማንንም አያውቅም። የሚያስቸግረው በጋው ነው። እኔ ራሴ አርባ ሳልሞላ ነው ሙልጭ አድርጌ የተላጨሁት፤ ባለቤቴ «እንኳንም ገላገልከው» ብላኝ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ለልጄ ግን አላለቀም። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ግንባሩ በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ መሸሽ ጀምሯል፤ አናቱም ላይ ሳስቷል። ባለፈው የጸደይ ወራት አንድ ቀን ጠረጴዛ እየጠረገ «አባዬ፣ መስከረም ላይ ለሠርጉ አዲስ አበባ ስንሄድ በቱርክ አየር መንገድ ልሂድና ኢስታንቡል ላይ ልስተከለው» አለኝ። ገንዘቡን አጠራቅሟል። ከሆቴሉ፣ ከኤርፖርት መቀበያው ጋር በአንድ ዋጋ የሚያስኬድ ቦታ በስልኩ አግኝቷል። እኔ አልተቆጣሁም። «አንድ ነገር ብቻ እሺ በለኝ» አልኩት፤ «ኢስታንቡል ከመሄድህ በፊት ሎረንስ ላይ ያሉትን ሰዎች እንጠይቅ።» እሺ አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ምግብ ቤቱ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት እየወጣን፣ መንገዱን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ጠየቅን።

መጀመሪያ የሄድነው ዋርደን አቅራቢያ ካለው ሐበሻ ፀጉር አስተካካያችን ዘንድ ነው። ይህ ልጅ በቀን ሃያ ራስ ያያል፤ ብዙ ጊዜ ከሐኪሙ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ልጄን አስቀምጦ በመስታወት የኋላውን አሳየውና «ይኸው ጋሼ፣ ይሄኛው አይረግፍም» አለኝ፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ በማጅራት በኩል ያለውን ማለቱ ነው። መላጣ ሲመጣ ፊትና አናት ይሄዳል፣ ጎንና ኋላ ይቀራል። የንቅለ ተከላው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህች እውነት ላይ መሆኑን በኋላ ነው የተረዳነው።

ከዚያ የሚያየውን ሁሉ ዘረዘረልን። ማጅራታቸው ላይ እንደ ብጉር የሚያብጥባቸውና እየጠነከረ የሚሄድባቸው ወንዶች አሉ፤ እነሱን ምላጭ ከማስጠጋት ይልቅ ወደ ቆዳ ሐኪም ይልካቸዋል። ቆረቆር የያዘው ሕፃን ሲመጣ ማሽኑን አያስነካም፤ እናቱን «በመጀመሪያ ክሊኒክ» ይላታል፤ ምክንያቱም የራስ ቆረቆር በሚዋጥ መድኃኒት እንጂ በቅባት ብቻ አይለቅም። ሴት ልጅ ያላችሁ እናቶችም ይህን ስሙ፤ ሹሩባው ግንባር ላይ እስኪያማት ድረስ ተጠብቆ ለዓመታት ከተሠራ ፀጉሩ ከሥሩ ተጎትቶ ላይመለስ ይችላል። ለሙሽሮች ደግሞ ሳሳ ያለውን በጥቁር ቀለም እየነፋ ይሞላላቸዋል። ፎቶው ላይ ያምራል። ነጭ ትራስ ላይ ያለውን ግን ሙሽራዋ ናት የምታውቀው።

እዚያ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች የየራሳቸውን መድኃኒት አዋጡ። ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የአብሽ ውሃ፣ ነጭ ሽንኩርት። ቅቤና ዘይት ያለውን ፀጉር ያለሰልሳል፣ እንዳይሰባበር ይረዳል፤ የጠፋውን ግን አልመለሰም። አያቴ በየሳምንቱ ቅቤ ይቀቡ ነበር፤ መላጣም ነበሩ። የሚያብረቀርቅ መላጣ!

ፀጉር ለእኛ ሰው እንዲሁ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። የአፄ ቴዎድሮስን ሹሩባ የማያውቅ ሐበሻ የለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1868 መቅደላ ላይ ሲሞቱ እንግሊዞች ከራሳቸው ፀጉር ቆርጠው ወሰዱ፤ ለንደን የጦር ሙዚየም ውስጥ ቆይቶ በ2019 ነው ለአገሩ የተመለሰው። በጣሊያን ጊዜ ጫካ የገቡት አርበኞች ፎቶግራፍ ላይ ከጠመንጃው በፊት የሚታየው ጎፈሬው ነው። ይህን ሁሉ አይቶ ያደገ ወንድ ግንባሩ ሲሸሽ ቢከፋው አልፈርድበትም። የማዝነው በዚህ ምክንያት ደብቆ መድኃኒት ሲውጥ ነው።

ምክንያቱን ያስረዳችን ኬኔዲ ሳይደርስ ባለው መደዳ ውስጥ ያለችው የታሚል ፋርማሲስት ናት። ለሃያ ደቂቃ ያህል፣ ደንበኛ እያስተናገደች፣ እየተመለሰች ነገረችን። የወንድ ሆርሞን የሆነው ቴስቶስትሮን በሰውነት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም አማካይነት ዲ ኤች ቲ ወደሚባል ጠንካራ ሆርሞን ይለወጣል። በዘሩ ተጋላጭ የሆነ ሰው ላይ ይህ ሆርሞን የፊትና የአናት ፀጉር ሥሮችን ያቀጭጫል፤ ፀጉሩ በየዙሩ እየቀጠነ፣ እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ሕፃን ፀጉር ይሆናል። ኮፍያ በማድረግ አይመጣም፤ በመታጠብም አይመጣም። ሃምሳ ዓመት ሲደርሱ ከወንዶች ግማሽ ያህሉ ላይ በተለያየ መጠን ይታያል። ዘሩም ከእናት ወገን ብቻ ነው የሚባለው ልክ አይደለም፤ ከሁለቱም ወገን ይወረሳል። ልጄ ወዲያው ዞሮ አየኝ። ምን ላድርግ?

ሆርሞኑ መሆኑ የታወቀው ሐሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከጉርምስና በፊት የተሰለቡ ወንዶች እንደማይመለጡ በ1942 ከጻፈ ወዲህ ነው። ቀጥሎ በ1974 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ አስገራሚ ነገር ታተመ። በዚያ አገር አንዳንድ መንደሮች ያንን ኢንዛይም ሳይዙ የሚወለዱ ልጆች አሉ፤ አድገው ወንድ ሲሆኑ ፕሮስቴታቸው ትንሽ ነው፣ ፀጉራቸውም አይመለጥም። መድኃኒት ሠሪዎቹ ኢንዛይሙን ለማገድ የተነሡት ከዚህ በኋላ ነው። ፊናስተራይድ ይባላል። በአሜሪካ በ1992 በ5 ሚሊግራም ለፕሮስቴት እብጠት፣ በ1997 መጨረሻ ደግሞ በ1 ሚሊግራም ለፀጉር ተፈቀደ። እዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም።

ሌላው ሚኖክሲዲል ነው፤ መደርደሪያ ላይ ያለ ማዘዣ የሚገኘው። የዚህ ታሪክ ያስቃል። መጀመሪያ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የሚወስዱት ሰዎች ፊታቸውና ክንዳቸው ላይ ሁሉ ፀጉር ሲያወጡ ጊዜ አንድ ሰው «ለምን ራስ ላይ አንቀባውም?» አለ። በ1988 አሜሪካ ውስጥ ለፀጉር ተፈቀደ። ፋርማሲስቷ ማሸጊያውን ይዛ ለልጄ አጥብቃ የነገረችው ይህን ነው፦ ደረቅ ራስ ላይ፣ ፀጉሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ ይቀባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ሊብስና ሊረግፍ ይችላል፣ ያን ጊዜ ደንግጠህ አታቁም፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ሳይሞላህ አትፍረድ፤ ካቆምክ ግን ያገኘኸው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሄዳል። «እንግዲህ ዕድሜ ልክ ነው?» አለ ልጄ። «ፀጉሩን እስከፈለግከው ድረስ» አለችው። ድመት ያለበት ቤት ደግሞ ይጠንቀቅ፤ ትንሽ ብትልሰው እንኳ ድመቷን ይገድላል።

ከኬኔዲ አልፎ የድሮው የስካርቦሮ ባቡር ጣቢያ አለ። በ2023 ሐምሌ ላይ ባቡሩ ከሐዲዱ ከወጣ በኋላ በዚያው ተዘጋ። አሁን ሁሉም በአውቶቡስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም፤ ብርድ ላይ የሚቆመው ሰው ይናገረው።

ቤተሰብ ሐኪማችን ብሪምሊ አካባቢ ነው። ብዙ ወንዶች ይህን ጣቢያ ዘለው ነው በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ የሚገዙት፤ እኔ እንኳ «ለፀጉር ብለን ሐኪም እናስቸግር?» ብዬ ነበር። ዋናውን ነገር የሰማነው ግን እዚህ ነው። በመጀመሪያ ሁሉም መርገፍ አንድ አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ የብረት ማነስ፣ ከከባድ ትኩሳት ወይም ቀዶ ሕክምና ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ የሚመጣ መርገፍ አለ፤ ይሄኛው በአብዛኛው ራሱ ይመለሳል። በቀን ከሃምሳ እስከ መቶ ፀጉር መርገፍም የጤና ነው። ሐኪሟ ልጄን አይታ የዘር መሆኑን አረጋገጠችና ስለ ፊናስተራይድ ክፉውንም ደጉንም ነገረችው። ብዙዎች ላይ መርገፉን ያቆማል ወይም ያዘገያል፤ የተወሰኑት ላይ መልሶ ያበቅላል። ጥቂቶች ላይ የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ የብልት መነሣት ያስቸግራል። ይህን ስትናገር እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ማስታወቂያ አነብ ነበር። መንፈስ ጭንቀትም አለ፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ መሆኑን አረጋግጧል። «ከዚህ በፊት በጭንቀት ታመህ ታውቃለህ?» ብላ ጠየቀችው። እኔ ውጪ እንድጠብቅ የተደረግሁት ያን ጊዜ ነው። መልሱን አልጠየቅሁትም፤ እንኳን ተጠየቀ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የነገረችኝ ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ። የፕሮስቴት ካንሰር መመርመሪያ የሆነው ፒ ኤስ ኤ የተባለው የደም ምርመራ አለ። ፊናስተራይድ ለወራት የወሰደ ሰው ላይ ይህ ቁጥር በግማሽ ያህል ይወርዳል። 4 መሆን የነበረበት 2 ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ መድኃኒቱን እንደምትወስዱ ካወቀ ቁጥሩን በሁለት አባዝቶ ያነበዋል። ካላወቀ «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኛችኋል። ጥቁር ወንዶች ደግሞ በፕሮስቴት ካንሰር የመያዝ ዕድላችን ከሌላው ከፍ ያለ መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ሃምሳ አምስት ዓመቱ የሆነ፣ ፀጉሩን ከሚስቱም ከሐኪሙም ደብቆ በፖስታ ክኒን የሚያስመጣ ሰው፣ ምርመራው ደህና ነው ተብሎ ደስ ብሎት እኔ ጋ መጥቶ ጥሬ ሥጋ ያዛል።

እንዲህ ያለ ሰው አውቃለሁ። ለሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ፣ ቀልደኛ፣ ጥቁር ኮፍያው የማይለየው ደንበኛዬ ነው። በዚያው ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ። «ሦስት ዓመት ሆነኝ» አለ። «ለሐኪሙ ነግረህ ታውቃለህ?» «ምን ብዬ?» አለኝ፤ «በዚህ ዕድሜዬ ፀጉር አማረኝ ልበለው?»

ሌላም ነገር አለ። ባለ 5 ሚሊግራሙ ስለሚረክስ ገዝተው በቢላ ለአራት የሚቆርጡ አሉ። እርጉዝ ሴት፣ ወይም ልታረግዝ የምትችል፣ የተሰበረውን ወይም የተፈጨውን ክኒን መንካት የለባትም፤ በቆዳ ገብቶ በማኅፀን ያለውን የወንድ ልጅ ብልት አፈጣጠር ሊያበላሽ ይችላል። ሽንኩርት በሚከተፍበት ጣውላ ላይ ክኒን የምትቆርጡ ወንድሞች፣ ለባለቤቶቻችሁ ንገሩ።

ንቅለ ተከላውን የጠየቅነው ከ401 በስተ ሰሜን ባለ አንድ ክሊኒክ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ አይደለም። ታሪኩ አጭር ነው። ጃፓናዊው ኦኩዳ በ1939 ፀጉር ያለበትን ቆዳ በትንንሹ እየነቀለ ወደ ተቃጠለ ቦታ መትከሉን ጽፎ ነበር፤ ጦርነቱ መጣና ተረሳ። በ1959 ኒውዮርክ ላይ ኦረንትራይክ የተባለ ሐኪም ከማጅራት የተወሰደ ፀጉር ግንባር ላይ ቢተከልም የማጅራትነቱን ጠባይ እንደማይለቅ አሳየ። ፀጉር አስተካካያችን በመስታወት ያሳየን ይኸው ነው። ዛሬ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ከኋላ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ ወስዶ በማጉያ መነጽር ሥር ማከፋፈል ነው፤ መስመር የመሰለ ጠባሳ ይተዋል። ሁለተኛው ሥሩን አንድ በአንድ በጥቃቅን ክብ ቢላ ማውጣት ነው፤ ጠባሳው ነጠብጣብ ስለሆነ ፀጉር ሲያጥርም ብዙ አያስታውቅም። አዲስ ፀጉር ማንም አይፈጥርም፤ ከኋላ ያለውን ማዛወር ነው፤ ያም ያልቃል።

የእኛ ፀጉር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የተጠቀለለው ውጪ ያለው ብቻ አይደለም፤ ሥሩም ቆዳ ውስጥ እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ቀጥ ያለ ፀጉር ላይ የለመደ ሰው ቀጥ አድርጎ ቢሰድደው ሥሩን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠ ሥር አይበቅልም። ቁስላቸው ሲድን የሚያብጥባቸውም አሉ፤ ጆሯቸውን ሲበሱ ያበጠ ሰዎች ይህን መናገር አለባቸው። በጎ ጎኑ፣ ጥቅልል ፀጉር ብዙ ቦታ ስለሚሸፍን በጥቂቱ ብዙ ይመስላል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ነው?» ብቻ አይደለም፤ «እንደ እኔ ያለ ፀጉር ስንት ሠርተሃል? ፎቶውን አሳየኝ፤ ቢላውን የሚይዘው ማን ነው፣ ሐኪሙ ነው ወይስ ረዳቱ?» ነው።

እኔ ያልጠበቅሁት፣ ሐኪሙ ልጄን «አሁን አልሠራልህም» ማለቱ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቱ መመለጡ ገና አልቆመም። ዛሬ ግንባሩ ቢተከል፣ ከኋላው ያለው እየረገፈ ሲሄድ የተተከለው ብቻውን እንደ ደሴት ይቀራል። የስካርቦሮ ብላፍስን የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። የሲምኮ ባለቤት በ1793 ያንን ገደል አይታ የእንግሊዙን ስካርቦሮ መሰለኝ ብላ ነው አገሩ ስሙን ያገኘው፤ ገደሉ ግን ዛሬም በየዓመቱ እየተናደ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጫፉ ላይ ቤት የሠራ ሰው እንቅልፍ የለውም። ልጄ ራሱ ነው ይህን ያለው፤ እየሳቀ።

ዋጋው እዚህ ከአንድ ደህና ያገለገለ መኪና ዋጋ ጋር ይስተካከላል። መልክ ለማሳመር የሚደረግ ስለሆነ ኦሂፕ አይከፍልም፤ 13 በመቶ ታክስም ይጨመርበታል፤ ከግብር ላይም አይቀነስም። ኢስታንቡል በጣም ይረክሳል፤ ይህ አይካድም። በዚያ በኩል አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ኤርፖርቱ ውስጥ ራሳቸውን በፋሻ የታሰሩ ወንዶች በርከት ብለው አይቷል። ደንበኞቼ ውስጥ ሠርተው ያማረባቸው አሉ፤ አልዋሽም። አንደኛው በሦስተኛው ሳምንት የተተከለው ሁሉ ሲረግፍ ተበላሁ ብሎ ሥራ ቀርቷል፤ የተተከለው ረግፎ ከሦስት ከአራት ወር በኋላ እንደሚበቅል፣ ሙሉ መልኩም ከዘጠኝ ወር እስከ ዓመት እንደሚወስድ በሚገባው ቋንቋ የነገረው የለም። ሌላው ማጅራቱ መግል ይዞ ተመለሰ፤ የሠሩት ሰዎች በስልክ «ፎቶ ላክ» ብቻ ነው ያሉት፤ ስካርቦሮ ውስጥ ዎክ ኢን ክሊኒክ አራት ሰዓት ተሰልፎ ነው የታከመው። እኔ የምለው፣ የሚሄድ ሰው መመለሻውንም ያስብ፤ ቁስሉን የሚያይለት ሐኪም ከመሄዱ በፊት እዚህ ይያዝ። ሠርግ ከአሥር ቀን በኋላ ካለ ደግሞ አይሞክረው፤ ቅርፊት ያለበት ራስ ይዞ ሚዜ መሆን ምን ያደርግለታል?

ልጄ ሚኖክሲዲሉን ጀምሯል። ፊናስተራይዱን አስብበታለሁ ብሎ ማዘዣውን ኪሱ ውስጥ ይዞታል፤ ሐኪሟ በስድስት ወር ተመለስ ብላዋለች። በየወሩ መጀመሪያ ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር፣ በአንድ ብርሃን፣ አናቱን ፎቶ አነሳዋለሁ። እስካሁን አራት ፎቶ አለን። እኔ ልዩነት አላይም፤ እሱ ያያል።

ባለ ታክሲው ደንበኛዬ ሁለት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ ማክሰኞ ዕለት መጣ። ለሐኪሙ ነግሮታል፤ የድሮው ቁጥሩ ተባዝቶ ሲታይ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ማክካወን ላይ ባለው ሆስፒታል ኤም አር አይ ተይዞለታል፤ ቀኑ በሚቀጥለው ወር ነው። ሽሮ አዘዘ። ኮፍያውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።